ከቀበሌ መሸኛ እስከ ሞያሌ ኬላ፦ የሚንቀሳቀስ ሰው እንዴት ይቆጠራል?

የሰው መፈናቀልንና ፍልሰትን ለመከታተል ሁለት ዓይነት ቆጠራ አለ። አንደኛው በአንድ ቀን፣ በአንድ ቦታ ምን ያህል ተፈናቃይ ወይም ስደተኛ እንዳለ ይቆጥራል፤ ይህ የክምችት ቆጠራ ነው። ሌላው በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ስንት ሰው ከየት ተነስቶ፣ በየት በኩል አልፎ፣ ወዴት እንደሄደ ይመዘግባል፤ ይህ ደግሞ የፍሰት ቆጠራ ነው። በዜና ላይ ሁለቱ አዘውትረው ይምታታሉ። አንዲት እናት በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ቤቷን ጥላ ብትሸሽ በክምችት ቆጠራ አንድ ሰው ናት፤ በፍሰት ቆጠራ ግን ሦስት ሆና ትመዘገባለች። መቀመጫውን ጄኔቫ ያደረገው የሀገር ውስጥ መፈናቀል ክትትል ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2021 በኢትዮጵያ በግጭት ምክንያት 5.1 ሚሊዮን መፈናቀል መመዝገቡን አስታውቆ ነበር። እስከዚያ ዓመት ድረስ በአንድ ሀገር፣ በአንድ ዓመት እንዲህ ያለ ቁጥር ተመዝግቦ አያውቅም። ቁጥሩ የሚናገረው ግን ሰው ስንት ጊዜ ከቤቱ እንደተነሳ ነው፤ በዓመቱ መጨረሻ ስንት ሰው በመጠለያ እንዳደረ አይደለም።

ከመቁጠር በፊት ሰውየው የትኛው መደብ ውስጥ እንደሚገባ መለየት ግድ ነው። የሀገሩን ድንበር ሳይሻገር በግጭት፣ በድርቅ ወይም በጎርፍ ቤቱን የለቀቀ ሰው የሀገር ውስጥ ተፈናቃይ ነው። የአፍሪካ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2009 ካምፓላ ላይ ያጸደቀው ስምምነት ለዚህ ሰው ከለላ ይሰጣል፤ ኢትዮጵያም ስምምነቱን በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1187 የሕጓ አካል አድርጋዋለች። መሳደድን ሸሽቶ ወይም ጦርነትን ፈርቶ ድንበር የተሻገረው ሰው ጥገኝነት ጠያቂ ይሆናል፤ እርሱን የሚመለከቱት እ.ኤ.አ. የ1951ዱ የጄኔቫ ስምምነትና በ1969 አዲስ አበባ ላይ የተፈረመው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ስምምነት ናቸው። ሥራ ፍለጋ የሚሄደው ደግሞ ከሁለቱም ውጭ ነው። እያንዳንዱ መደብ የራሱ ቆጣሪ አለው። ስደተኞችን የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽንና የስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎት ይመዘግባሉ፤ ተፈናቃዮችን የአደጋ ስጋት አመራር ኮሚሽንና ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት ይከታተላሉ፤ በሕጋዊ መንገድ ለሥራ የሚሄዱትን የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ያውቃቸዋል። በደላላ እጅ፣ ያለ ሰነድ የሚሄደው ሰው ግን ቋሚ መዝጋቢ የለውም። በኬንያ ድንበር፣ በሞያሌ አድርጎ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚወስደውን የደቡቡን መንገድ ለመቁጠር አስቸጋሪ የሚያደርገውም ይኸው ነው።

ቀበሌም በራሱ መንገድ ይመዘግባል። በሀዋሳ ከተማ፣ ለምሳሌ በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ አንድ ሰው የነዋሪነት መታወቂያ ለማውጣት ሲመጣ ከቀድሞ ቀበሌው መሸኛ እንዲያመጣ ይጠየቃል። መሸኛዋ ስሙን፣ የለቀቀበትን ቦታና የሚሄድበትን ቦታ ይዛለች፤ ማኅተምና ፊርማም አርፎባታል። ታብሌትና ሳተላይት ከመምጣታቸው በፊትም የፍልሰት መከታተያ ነበረች ማለት ይቻላል። ጉድለቷ ግን ብዙ ነው። መሸኛ የሚያወጣው መታወቂያ የሚያስፈልገው ሰው ብቻ ነው። ተከራይቶ የሚኖር፣ በደባልነት የሚያድር፣ ለጥቂት ወራት ለቀን ሥራ የመጣ ሰው ከነጭራሹ ላያወጣ ይችላል። በሌሊት አውቶቡስ ወደ ሞያሌ የሚሄድ ወጣትም ቀበሌውን መሸኛ አይጠይቅም። በቀበሌው መዝገብ ላይ ዛሬም ነዋሪ ነው፤ ሰውየው ግን ጆሃንስበርግ ሱቅ ከፍቶ ሊሆን ይችላል።

ሀዋሳ የተቀመጠችው ከአዲስ አበባ ተነስቶ በዲላ፣ በቡሌ ሆራና በያቤሎ አድርጎ ሞያሌ በሚደርሰው ዋና መንገድ ላይ ነው። በዚህ አንድ መስመር ላይ ሁለቱም ዓይነት ቆጠራ ተፈትኗል፤ የመጀመሪያው ፈተና የመጣው ከከተማዋ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በዲላ ዙሪያ ነበር።

በሚያዝያ 2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ አዋሳኝ ቀበሌዎች ግጭት ተነሳ። ለጥቂት ሳምንታት ጋብ ካለ በኋላ በግንቦት መጨረሻ እንደገና አገረሸ፤ ክረምቱ ሲገባ ከሁለቱም ወገን ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ከቀዬው ወጥቶ ነበር። አብዛኛው ወደ ጌዴኦ ዞን ገባ። ትምህርት ቤቶች፣ ቤተ ክርስቲያኖች፣ የመንግሥት ቢሮዎችና ጣሪያ ያልለበሱ ሕንፃዎች በሰው ተጨናነቁ። በወቅቱ የደቡብ ክልል መንግሥት መቀመጫው ሀዋሳ ስለነበር ከየወረዳው የሚላከው ዝርዝር የሚደርሰው እዚያ ነበር። ጥያቄውም አጭር ነበር፦ ስንት ሰው ነው፣ የትስ ነው ያለው?

ለዚህ መልስ የሚሰጠው ዘዴ በምሕጻሩ ዲቲኤም ይባላል። ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2004 ኢራቅ ውስጥ የጀመረው የመፈናቀል መከታተያ ሥርዓት ሲሆን በኢትዮጵያ በሰፊው ሥራ ላይ የዋለው ከ2016 ወዲህ ነው። መረጃ ሰብሳቢው ቤት ለቤት አይዞርም፤ ለዚያ ጊዜም ገንዘብም የለም። ወደ መጠለያው ሄዶ ነገሩን የሚያውቁ ሰዎችን ይሰበስባል፦ የቀበሌ ሊቀ መንበሩን፣ የተፈናቃዮቹን ተወካይ፣ የሴቶች ተወካይ፣ የሃይማኖት አባት፣ ርዕሰ መምህሩን። እዚህ ስንት አባወራ አለ? ከየትኛው ወረዳ መጡ? መቼ ደረሱ? ያስወጣቸው ግጭት ነው ወይስ ድርቅ? ውኃው ስንት ደቂቃ ያስኬዳል? መጸዳጃው ለሴቶችና ለወንዶች ተለይቷል? ብሎ ይጠይቃል። መልሶቹን እርስ በርስ ያመሳክራል፤ ራሱም በመጠለያው ተዘዋውሮ ያያል፤ ከዚያ ታብሌቱ ላይ ይሞላል። ከጥቂት ወራት በኋላ ተመልሶ ያንኑ ይጠይቃል። ስለዚህ ከዚህ ሥርዓት የሚወጣው ቁጥር አስተዋይ ሰዎች ተመካክረው የደረሱበት ግምት ነው። እንደ ሕዝብ ቆጠራ አንድ በአንድ የተቆጠረ አድርጎ መጥቀስ ስህተት ነው፤ ግምት ስለሆነ ብቻ ዋጋ የለውም ማለትም የባሰ ስህተት ነው።

ችግሩ እዚያው መጠለያ ውስጥ ቁጥር እህል መሆኑ ነው። ዝርዝር ውስጥ የገባ አባወራ ስንዴ፣ ዘይትና አልሚ ምግብ ይደርሰዋል፤ ያልገባ አይደርሰውም። ስለዚህ ተወካዩ ከፍ አድርጎ ቢናገር አይገርምም። በተቃራኒው አስተዳዳሪው ችግሩ ተፈትቷል ለማለት ዝቅ ሊያደርግ ይችላል። በጌዴኦ ሁለቱም ታይተዋል። መንግሥት ተፈናቃዮችን የመመለስ ሥራ ከጀመረ በኋላ የተመላሾች ቁጥር በፍጥነት ጨመረ፤ ከተመለሱት ብዙዎቹ ግን ቤታቸው ተቃጥሎ ስለጠበቃቸው በቀበሌያቸው ማዕከል አካባቢ ሰፈሩ፤ ሌሎችም ፈርተው ተመልሰው መጡ። በ2011 ዓ.ም. በገደብ ወረዳ ያሉ ተፈናቃዮች በረሃብ መጎዳታቸው በይፋ ተሰማና በመጋቢት ወር ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አህመድ በቦታው ተገኝተው ጎበኟቸው። አንድ ሰው በመኪና ተጭኖ ከመጠለያ ስለወጣ ብቻ መፈናቀሉ አያበቃም። ከዚህ በመነሳት ክትትሉ መጠለያን ብቻ ሳይሆን ተመላሾች የገቡበትን መንደርም ይዳስሳል፦ ቤቱ ቆሟል? መሬቱን ማን ያርሰዋል? ጤና ጣቢያው ተከፍቷል?

በሀገር ደረጃ የሚወጣው የተፈናቃዮች ሪፖርት ከመታተሙ በፊት የመንግሥት አካላት ያጸድቁታል። ይህ ሥርዓት ቁጥሩን በመንግሥትም በረድኤት ድርጅቶችም ዘንድ ተቀባይ ያደርገዋል፤ በሌላ በኩል ደግሞ ያዘገየዋል፣ አንዳንዴም ያጎድለዋል። በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣው ሪፖርት በሀገሪቱ ከ3.4 ሚሊዮን በላይ ተፈናቃይ መኖሩንና ግጭት ቀዳሚው፣ ድርቅ ተከታዩ ምክንያት መሆኑን ያሳያል። ውጊያ ባለባቸውና መረጃ ሰብሳቢ ሊገባባቸው ባልቻሉ ወረዳዎች ያለው ሰው ግን እዚህ ውስጥ የለም። በሪፖርቱ ካርታ ላይ ባዶ የተተወ ወረዳ ተፈናቃይ የሌለበት ሰላማዊ ቦታ ተደርጎ መወሰድ የለበትም።

ሁለተኛው ፈተና የመንገዱ መጨረሻ ላይ ነው። ሞያሌ ላይ የሚቆመው መረጃ ሰብሳቢ ሥራው ከመጠለያው የተለየ ነው። የሚያልፈውን ይቆጥራል፤ ከሚያልፉት የተወሰኑትን አስቁሞ ከየት መጣህ፣ ወዴት ነህ፣ ለምን፣ ከማን ጋር፣ ይላል። እንዲህ ያሉ የፍሰት መከታተያ ነጥቦች በመተማ፣ በገላፊ፣ በደወሌና በቶግ ውጫሌም ተቋቁመዋል፤ ወደ ሱዳን፣ ወደ ጅቡቲና ወደ ሶማሌላንድ የሚወስዱት በሮች ናቸው። የነጥቡ ጠቀሜታ በለውጥ ላይ ነው። ባለፈው ወር በቀን ስንት አለፈ፣ በዚህ ወርስ? የሴቶች ድርሻ ከፍ አለ? ያለ ወላጅ የሚጓዙ ልጆች በዙ? እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲነሳ በመተማ በኩል የገባው ሰው ከ60 በላይ ሀገራት ዜጎች የተቀላቀሉበት መሆኑ በፍጥነት የታወቀው እዚያ ላይ ቆመው የሚጠይቁ ሰዎች ስለነበሩ ነው። ከገቡትም ብዙዎቹ ሱዳን ይኖሩ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ነበሩ።

የሞያሌው ነጥብ ግን የሚያየው በግልጽ የሚያልፈውን ሰው ነው። ኢትዮጵያና ኬንያ ለዜጎቻቸው ቪዛ ከተዉ አሥርት ዓመታት አልፈዋል፤ በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የጋራ ድንበር ኬላም ፓስፖርት ላለው ሰው መሻገሩን ቀላል አድርጎታል። በደላላ የሚሄደው ግን ኬላውን አይረግጥም። በጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት፣ በእግር ወይም በሞተር ሳይክል፣ በሌሊት ይሻገራል፤ ከዚያ በማርሳቢትና በኢሲዮሎ አድርጎ ናይሮቢ፣ ከናይሮቢ ታንዛኒያ፣ ከዚያ ማላዊ ወይም ዛምቢያ፣ ሞዛምቢክ ወይም ዚምባብዌ፣ በመጨረሻም ደቡብ አፍሪካ። በመንገዱ የሚሳተፈው ደላላ አንድ አይደለም፤ አንዱ ለሌላው ያስረክባል፤ ብዙ ጊዜም ደቡብ አፍሪካ ያለ ዘመድ ክፍያውን ደረጃ በደረጃ ይልካል።

ከዚህ መንገድ ተጓዦች ብዙዎቹ ከሃዲያዋ ከተማ ከሆሳዕናና ከዙሪያዋ፣ ከከምባታና ከወላይታ የሚነሱ ወጣት ወንዶች ናቸው። ደቡብ አፍሪካ የደረሱት ጂፒ እያሉ በሚጠሩት የጆሃንስበርግ መሀል ከተማ የንግድ ሠፈር ዕቃ እየጫኑ፣ ሎኬሽን በሚሉት የጥቁሮች መንደር ሱቅ ይከፍታሉ። የሃዲያን ስደት ያጠኑት ደረጀ ፈይሳ ድህነት ብቻውን ምክንያት እንዳልሆነ፣ ማኅበራዊ ክብርና ሃይማኖታዊ እምነትም ትልቅ ድርሻ እንዳላቸው ጽፈዋል። የመረጃ ሰብሳቢው ቅጽ ግን ሥራ ፍለጋ፣ ግጭት፣ ድርቅ፣ ቤተሰብ መቀላቀል የሚሉ ሳጥኖች ነው ያሉት። የጎረቤት ልጅ ልኮ ያሠራው ፎቅ አባቱን ስላስቀናበት የሄደ ወጣትም «ሥራ ፍለጋ» ይባላል።

ታዲያ በዚህ መንገድ በዓመት ስንት ሰው ይሄዳል? ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ2009 ክሪስቶፈር ሆርውድ ለፍልሰት ድርጅቱ ያካሄዱት ጥናት ነው፤ ከኢትዮጵያና ከሶማሊያ በዓመት ከ17 ሺህ እስከ 20 ሺህ ወንዶች ወደ ደቡብ አፍሪካ ይሻገራሉ ሲል ገምቷል። እንዲህ ያለ ግምት በየሀገሩ የተያዙትን፣ በእስር ቤት ያሉትን፣ ጥገኝነት የጠየቁትን፣ ደላሎችና ተጓዦች የተናገሩትን በማመዛዘን የሚወጣ ነው። የእስር ቤት ቁጥር ደግሞ ከተጓዡ ብዛት ይልቅ የፖሊሱን ትጋት ሊለካ ይችላል፤ ታንዛኒያ አንድ ዓመት ጠበቅ ብታደርግ የታሰረው ይበዛል፣ የሄደው ግን ያንኑ ያህል ይሆናል።

የምሥራቁ መንገድ በአንጻሩ ለመቁጠር ይሻላል። ከሐረርጌ፣ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሌሎችም አካባቢዎች የሚነሳው ሰው በጅቡቲ ኦቦክ ወይም በሶማሊያ ቦሳሶ አድርጎ ባሕሩን ይሻገራል፤ የመን ዳርቻ ላይ የሚያርፍበት ቦታ ስለሚታወቅ መቁጠር ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2019 ከአፍሪካ ቀንድ የመን የደረሱት ከ138 ሺህ በላይ ነበሩ፤ በኮሮና ዓመት 2020 ወደ 37 ሺህ 500 ወረዱ፤ በ2023 ደግሞ ከ97 ሺህ አለፉ። አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ናቸው። የተመላሾቹ ቁጥር ከሁሉም ይበልጥ የተስተካከለ ነው፤ በአውሮፕላን ቦሌ የሚያርፍ ሰው በር ላይ ይመዘገባልና። ሳዑዲ ዓረቢያ እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ባደረገችው ዘመቻ በጥቂት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመልሰዋል፤ ከ2017 ወዲህም መቶ ሺዎች ተከትለዋል።

በደቡቡ መንገድ ላይ የሚመዘገበው አንዳንዴ ሞት ብቻ ነው። በመጋቢት 15 ቀን 2012 ዓ.ም. ሞዛምቢክ ውስጥ፣ ቴቴ አውራጃ፣ ከማላዊ የመጣ የጭነት መኪና ሲፈተሽ በኮንቴይነሩ ውስጥ የ64 ሰው አስከሬን ተገኘ፤ ታፍነው ነበር የሞቱት። 14 በሕይወት ተረፉ፤ ኢትዮጵያዊ መሆናቸውም ታወቀ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 ማላዊ ምዚምባ ውስጥ የጅምላ መቃብር ተገኘ፤ በታኅሣሥ ወር ደግሞ በሉሳካ ዳርቻ፣ ንግዌሬሬ በተባለ ቦታ መንገድ ዳር የ27 ሰው አስከሬን ተጥሎ ተገኘ። በሁለቱም ቦታ ሟቾቹ ኢትዮጵያውያን ናቸው ተብሎ ታመነ። እነዚህን የሚሰበስበው የጠፉ ስደተኞች መዝገብ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2013 ላምፔዱዛ አጠገብ ከ360 በላይ ሰው ከሰጠመ በኋላ ነው። መዝገቡ በጋዜጣ፣ በፖሊስ ሪፖርትና በተረፉ ሰዎች ምስክርነት ላይ ይመሠረታል። መኪናው ካልተፈተሸ ወይም መቃብሩ ካልተገኘ መዝገቡም አይጨምርም፤ ስለዚህ የሚያሳየው ዝቅተኛውን ቁጥር ነው። ከሞቱት ብዙዎቹ ስማቸው ባለመታወቁ ሆሳዕና ወይም ዱራሜ ያለ ቤተሰብ ልጁ ስልክ የማያነሳበትን ምክንያት ከሌላ ተጓዥ ወሬ ብቻ ይሰማል።

አዳዲስ ዘዴዎችም መጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 ሄይቲን የመሬት መንቀጥቀጥ ሲመታ ተመራማሪዎች ስልኮች የሚደውሉባቸው ማማዎች መቀያየራቸውን ተከትለው ከዋና ከተማዋ ወደ 600 ሺህ ሰው መውጣቱንና ወዴት እንደሄደ ገምተዋል። የሳተላይት ምስልም የመጠለያ ድንኳኖችን ለመቁጠር ያገለግላል። እንዲህ ያለው ዘዴ በኢትዮጵያ ሁለት እንቅፋት አለበት። ስልክ ጦርነት ሲመጣ ከሁሉ በፊት ይቋረጣል፤ ትግራይ ውስጥ ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ለረጅም ጊዜ የሆነው ይኸው ነው። ሁለተኛው እንቅፋት ተፈናቃይ ብዙ ጊዜ የሚጠጋው ዘመድ ቤት ስለሆነ ከላይ ሲታይ ድንኳን አለመኖሩ ነው። ከዚህም ሌላ የአንድ ብሔር ተወላጆች የሸሹበትን ቦታ በዝርዝር የሚያሳይ ካርታ ያሳደዳቸው ወገን እጅ ቢገባ አደጋ ነው። ለዚህም ነው የሚታተሙት ሪፖርቶች የግለሰብ ስም የማያወጡትና አንዳንዱን መረጃ በወረዳ ደረጃ ጠቅልለው የሚያቀርቡት።

ደቡብን በሚመለከት አንድ ሌላ ቴክኒካዊ ችግር አለ፤ ትንሽ ይመስላል እንጂ ብዙ ያሳስታል። ሪፖርቶች የሰውን መነሻ የሚጽፉት በክልል ነው። እስከ 2012 ዓ.ም. «ደቡብ» ተብሎ የተመዘገበው ሰው ዛሬ ከአራት ክልሎች የአንዱ ነው። ሲዳማ በ2012፣ ደቡብ ምዕራብ በ2014 ወጡ፤ በ2015 የተረፈው ለሁለት ተከፍሎ ሆሳዕና በማዕከላዊ ኢትዮጵያ፣ ጌዴኦና ወላይታ በደቡብ ኢትዮጵያ ሥር ሆኑ። ስለዚህ ከአሥር ዓመት በፊት የወጣን ሠንጠረዥ ከዘንድሮው ጎን አስቀምጦ «ከደቡብ የሚሰደደው ቀነሰ» ማለት አይቻልም፤ የቀነሰው የክልሉ ስፋት ነው። ማነጻጸር የሚቻለው መረጃው እስከ ዞንና ወረዳ ተዘርዝሮ ሲገኝ ብቻ ነው።

ቁጥሩ ሁሉ የሚካፈልበት የሕዝብ ብዛትም አርጅቷል። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ቀጣዩ በ2011 ታስቦ በጸጥታ ምክንያት ተላለፈ። በ1999 የሀዋሳ ከተማ አስተዳደር ነዋሪ 258 ሺህ ገደማ ነበር። ከዚያ በኋላ ዩኒቨርሲቲው ሰፋ፤ በ2008 መጨረሻ ሲሞላ 60 ሺህ ሠራተኛ እንዲይዝ የታቀደው የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ፤ ከገጠር ወረዳዎች እየተመለመሉ የመጡ ወጣት ሴቶች ሦስትና አራት ሆነው አንድ ክፍል ተከራዩ። ሲመጡ በወረዳቸው ተመዝግበዋል፤ ፓርኩን ለቀው ወደ ቤታቸው፣ ወደ ሌላ ሥራ ወይም ወደ ዓረብ ሀገር ሲሄዱ ግን መዝጋቢ አልነበረም።

ይህን ክፍተት በከፊል የሚሞላው ናሙና ጥናት ነው። የስታቲስቲክስ አገልግሎቱ በ2013 ዓ.ም. ባካሄደው የሰው ኃይልና የፍልሰት ጥናት ከተመረጡ ቤተሰቦች ባለፉት አምስት ዓመታት ወደ ውጭ የሄደ ሰው እንዳለ ጠይቆ በሀገር ደረጃ 839 ሺህ ገደማ ሰው መሄዱን ገምቷል። የኬላ ቆጣሪ ሊያየው የማይችለውን፣ በሌሊት የተሻገረውን ወጣት፣ እናቱ ወይም ወንድሙ ስለሚናገሩለት እንዲህ ያለው ጥናት ይደርስበታል። የማይደርስበት፣ በሩን ዘግቶ እስከ ልጆቹ የሄደውን ቤተሰብ ነው፤ ለጠያቂው የሚመልስ ሰው እቤት አልቀረምና።